የቦርደርላይን ሕክምናዎችን ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ዲቢቲ ይሻላል ወይስ ስኪማ?»

ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ስሜትን፣ ራስን የማየት መንገድንና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነትን የሚያናጋ የአእምሮ ጤና ችግር) አለብሽ የተባለች ሴት፣ ወይም ልጁ እንዲህ የተባለችበት አባት፣ ስልኩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሁለቱም የንግግር ሕክምና ዓይነቶች ናቸው። መልስ ሞልቷል። አንዱ ዲቢቲን የሚተካከል የለም ይላል። ሌላው ስኪማ ቴራፒ በልጦ ተገኘ ይላል። ሦስተኛው ሁሉም ያው ነው ብሎ ይዘጋዋል። የሚገርመው ሦስቱም የሚጠቅሱት እውነተኛ ጥናት አላቸው። ችግሩ እንደ ኳስ ውጤት ማን ስንት አገባ ብለን ስናነባቸው ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ። ይህን የምታነቡት ራስን የማጥፋት ሐሳብ እያስጨነቃችሁ ከሆነ ማወዳደሩ ይቆይ። አሁኑኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ አቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አሜሪካ ያላችሁ 988 መደወል ትችላላችሁ።

ስሙን ይዞ ሥራውን አለማየት

በብዛት የሚነሱት አምስት ናቸው፦ ዲቢቲ (ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ)፣ ኤምቢቲ (ሜንታላይዜሽን ቤዝድ ትሪትመንት)፣ ስኪማ ቴራፒ፣ ቲኤፍፒ (ትራንስፈረንስ ፎከስድ ሳይኮቴራፒ) እና ጂፒኤም (ጉድ ሳይካትሪክ ማኔጅመንት)። አምስቱም በተመላላሽ ይሰጣሉ። ታካሚዋ ሆስፒታል አትተኛም፤ በቀጠሮ መጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። «ያው ቁጭ ብሎ ማውራት አይደል?» ብሎ ማለፍ ግን አያስኬድም። እስቲ አንድ ማክሰኞ ማታ እንውሰድ።

የ24 ዓመት ወጣት ናት እንበል። ለፍቅረኛዋ መልእክት ላከች። አነበበው፤ አልመለሰም። ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች፤ አሁንም አላነሳም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ራሷን ጎዳች። ሐሙስ ቴራፒስቷ ጋ ቀጠሮ አላት።

ሕክምናው ዲቢቲ ከሆነ ቴራፒስቷ መጀመሪያ የምትጠይቃት ሳምንቱን ስትሞላው የከረመችውን ካርድ ነው። ካርዱ ላይ በየቀኑ ስሜቷ ምን ያህል እንደከበዳት፣ ራሷን የመጉዳት ግፊት መጥቶባት እንደሆነ፣ የትኛውን ክህሎት እንደሞከረች ተጽፏል። ማክሰኞ ላይ ምልክት አለ። በቃ፣ የሐሙሱ ጉዳይ እሱ ነው። የዚያን ዕለት ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ይፈቱታል።

«ምሳ በልተሽ ነበር?»

«አልበላሁም።»

«የሰኞ ሌሊት እንቅልፍሽስ?»

«ሦስት ሰዓት ብትሞላ ነው።»

«መልእክቱ መነበቡን ስታዪ መጀመሪያ ምን አሰብሽ?»

«ሰለቸሁት ብዬ።»

«ከዚያ ሰውነትሽ ላይ ምን ተሰማሽ?»

ደረቷ ነደደ፤ እጇ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ጠዋት ሥራ ቦታ አለቃዋ በሰው ፊት የተናገራት ነገር ሳይቀር ይገባል። ከዚያ ጥያቄው የትኛውን ቀለበት መበጠስ ይቻል ነበር የሚለው ነው። አራት ሰዓት ላይ ፊቷን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትነክር? ለቴራፒስቷ ብትደውል? ዲቢቲ ውስጥ በሁለት ቀጠሮ መሃል ስልክ ደውሎ «አሁን ምን ላድርግ?» ማለት የሕክምናው አካል ነው።

ኤምቢቲ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። «እሱ በዚያ ሰዓት ምን እያሰበ የነበረ ይመስልሻል?» «ሊለየኝ ወስኗል።» «እንዴት አወቅሽ?» እዚህ ላይ ዝም ትላለች። ኤምቢቲ የሚይዘው ይህንን ቦታ ነው። ስሜት ሲግል የራስንም የሌላውንም ልብ የማንበብ አቅም ይጠፋል፤ ግምት እንደ እውነት ይቆጠራል። ቴራፒስቷ ትክክለኛውን መልስ አትነግራትም። እሷም እንደማታውቀው እያሳየች አብራት ታስባለች።

ቲኤፍፒ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ቶሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። «ከገባሽ ጀምሮ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። እኔም እንደሱ ችላ ያልኩሽ መስሎሽ ይሆን?» ትላንት መልአክ የነበረው ሰው ዛሬ ሰይጣን የሚሆንበት መገለባበጥ ከቴራፒስቱ ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ ይፈለጋል። ገና ሲጀመር ውል ይገባል። በሳምንት ሁለት ቀጠሮ አለ። እንደ ዲቢቲ በመሃል እየደወሉ ምክር መቀበል የለም።

ስኪማ ቴራፒ ያንን የማክሰኞ ምሽት የተተወች ሕፃን ድንጋጤ አድርጎ ያየዋል። ቴራፒስቷ ሞቅ ትላለች፤ በልኩም ቢሆን ወላጅ የሚሰጠውን ማጽናናት ትሰጣለች። ዓይን ጨፍኖ የልጅነት ትዝታ ውስጥ ገብቶ ታሪኩን መለወጥ፣ ውስጧ የሚወቅሳትን ተቆጪ ድምፅ ባዶ ወንበር ላይ እንዳለ አድርጎ መልስ መስጠት አለ።

ጂፒኤም ከሁሉም ቀለል ይላል። ጆን ጋንደርሰን የተባሉት የማክሌን ሆስፒታል ሐኪም ያስፋፉት ነው። ሐኪሙ ነገሩን በግልጽ ያስረዳል፦ «መገፋት ከሌላው ሰው በላይ ያምሻል፤ ማክሰኞ የሆነውም ይኸው ነው።» ቀጥሎ «ሥራ ፍለጋውስ የት ደረሰ?» ይላል። ጋንደርሰን ከፍቅር በፊት ሥራ የሚል አቋም ነበራቸው። እኔ በበኩሌ ይሄ አቋማቸው ደስ ይለኛል። ሕይወቷ በሙሉ በአንድ ሰው ስልክ ላይ እንዳይንጠለጠል ይረዳታል።

ስለዚህ ስም ከማወዳደር በፊት እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ራሳችሁን አስቀምጡት። ካርድ መሙላት የሚያናድዳት አለች። ዓይን ጨፍኖ ልጅነትን ማስታወስ የሚያስፈራት አለች። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ተመልሳ ትመጣለች አትመጣም የሚለውን ይወስናል።

ከምን ጋር እንደተወዳደረ አለመጠየቅ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

የዲቢቲ ፈጣሪ ማርሻ ሊንሃን ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዲቢቲን ፈትሸው በ1991 ውጤቱን ሲያወጡ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በዕጣ ከተመደቡት ሴቶች ዲቢቲ የደረሳቸው ራሳቸውን መጉዳት ቀነሱ፤ ሆስፒታል የተኙበት ቀንም አነሰ፤ ከሕክምናውም ብዙም አልቀሩም። ሌሎቹስ ምን አገኙ? «የተለመደውን ሕክምና»። የተለመደው ማለት ደግሞ አካባቢው ላይ የተገኘው ነው። አንዷ ጥሩ ቴራፒስት ደርሷት ይሆናል። ሌላዋ ምንም የረባ ነገር ላታገኝ ትችላለች።

ስለዚህ ተቺዎች ጠየቁ። ዲቢቲ ያሸነፈው ዲቢቲ ስለሆነ ነው ወይስ ሌላው ወገን ባዶ እጁን ስለነበረ?

ሊንሃን ጥያቄውን ሸሽተው አላለፉትም። በ2006 ባወጡት ጥናት 101 ሴቶችን ወስደው ግማሾቹን ለዲቢቲ፣ ግማሾቹን በአካባቢው የአእምሮ ጤና መሪዎች «ጎበዝ ናቸው» ብለው ለጠቆሟቸው ቴራፒስቶች ሰጡ። ዲቢቲ ያገኙት ራስን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው የሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ከጎበዝ ጋር ተወዳድሮም በለጠ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ኖሮ ይሄን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ። በ2009 ሼሊ ማክሜን እና ባልደረቦቿ ቶሮንቶ ላይ 180 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ዲቢቲ ወይም በደንብ የተደራጀ የሥነ አእምሮ ሐኪም ክትትል ሰጧቸው። ይህ ክትትል በየሳምንቱ ቀጠሮ አለው፤ ለቦርደርላይን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሐኪሞቹም እርስ በርስ ይመካከራሉ። የክህሎት ቡድን የለውም። ውጤቱ? ሁለቱም ወገን በደንብ ተሻለው። መሃላቸው ልዩነት አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይም ያው ነበር።

አሁን ሦስቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዲቢቲ አልተለወጠም። የተለወጠው ማዶ ያለው ነው። ማዶ ያለው ሲጠነክር ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። በ2007 ኒው ዮርክ ላይ ጆን ክላርኪን እና ባልደረቦቹ 90 ሰዎችን ለዲቢቲ፣ ለቲኤፍፒ እና ለደጋፊ ሕክምና ሲያከፋፍሉም ሦስቱም ቡድኖች በብዙ ነገር ተሻሽለዋል። የተለየው አንዱ ሕክምና በዚህ፣ ሌላው በዚያ መበርታቱ ነው።

እንግዲህ «ዲቢቲ ተረጋግጧል» የሚለውን ስታነቡ «ከማን ጋር?» በሉ። ከተበታተነ ሕክምና ጋር ከሆነ፣ አዎ፣ በደንብ ተረጋግጧል። ከሌላ የተደራጀ፣ ለዚሁ ችግር ከተሠራ ሕክምና ጋር ከሆነ ደግሞ አሸናፊ የለም ቢባል ይቀላል። ይህ ዲቢቲን አያሳንሰውም። ዲቢቲ ያላገኘችውን ግን ያጽናናል።

ቀኑን ሙሉ የሚዋልበትን ሕክምና ለሳምንታዊ ቀጠሮ ማስረጃ ማድረግ

አንቶኒ ቤትማን እና ፒተር ፎናጊ ኤምቢቲን ለንደን ላይ ሲጀምሩ የ1999 ዝነኛ ጥናታቸው የቀን ሆስፒታል ነበር። ታካሚዎቹ ቤታቸው ያድራሉ፤ ቀኑን ግን ሆስፒታል ይውላሉ። ውጤቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ዘልቋል። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን የግል፣ አንድ ቀን የቡድን ቀጠሮ ብቻ ላለው ሰው ይህን ጥናት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም። ለተመላላሹ የሚሆነው የ2009 ጥናታቸው ነው። 134 ሰዎች ለ18 ወራት ኤምቢቲ ወይም በሥርዓት የተያዘ ክትትል አገኙ። ሁለቱም ወገን ተሻሻለ፤ ኤምቢቲው ግን በተለይ ራስን በመጉዳትና ራስን ለማጥፋት በመሞከር ረገድ የበለጠ ቀነሰ።

«ተሻላት» ሲባል ምኗ?

ይህን ችግር ለመለየት ከሚታዩት 9 ምልክቶች ቢያንስ 5 መገኘት አለባቸው። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ስም ተሰጥቷቸው የሚጋሩት ምልክት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዷ ራሷን ትጎዳለች። ሌላዋ ራሷን ነክታ አታውቅም፤ የሚያሠቃያት ባዶነቱና ቁጣው ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት ራስን መጉዳትን ብቻ ለክቶ «ሠርቷል» ቢል ለሁለተኛዋ ብዙም አይነግራትም።

የቶሮንቶውን እንደገና ልጥቀሰው። ከሕክምናው በኋላ በነበረው ክትትል ሰዎቹ ምልክቶቻቸው ቀንሰዋል። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራም ትምህርትም ላይ አልነበሩም። ይህ ቁጥር ብዙ ቦታ ሲጠቀስ አላይም። ሊጠቀስ ግን ይገባ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ ድና ትመለሳለች» ስትል ራሷን አትጎዳም ማለቷ ብቻ አይደለም። ትማራለች፣ ትሠራለች፣ ከሰው ጋር ትኖራለች ማለቷ ነው።

ስለዚህ ቴራፒስቱን ስትጠይቁ «ይሠራል?» አትበሉ። «ከስድስት ወር በኋላ ምን ተለውጦ እንድናይ ነው የምትጠብቁት?» በሉ። ሁነኛ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይቆጣም።

ያቋረጡትን መርሳት

ቦርደርላይን ሕክምና ውስጥ ሰው ይቀራል። ብዙ ሰው ይቀራል። ይህን ሳያዩ ሕክምናዎችን ማወዳደር ደግሞ የጨረሱትን ብቻ ማየት ይሆናል።

ኔዘርላንድስ ላይ በ2006 የወጣ ጥናት ስኪማ ቴራፒን እና ቲኤፍፒን በቀጥታ አፋጥጧል። በሳምንት ሁለት ቀጠሮ፣ እስከ ሦስት ዓመት። ስኪማ በለጠ። ከቲኤፍፒው ወገን ግማሽ ያህሉ ሲያቋርጡ ከስኪማው ያቋረጡት ከሩብ ብዙም አልበለጡም። አሁን ጥያቄው ስኪማ በለጠ የተባለው የተሻለ ሕክምና ስለሆነ ነው ወይስ ሰውን ስለያዘ? እንደኔ ሁለቱን መለየት ይከብዳል፤ ሰውን መያዝም የሕክምናው ሥራ ነው።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ቲኤፍፒ ሰው ያባርራል» ማለትም ስህተት ነው። በ2010 በኦስትሪያና በጀርመን በተሠራ ሌላ ጥናት 104 ሴቶች ለአንድ ዓመት ቲኤፍፒ ወይም ልምድ ያላቸው የአካባቢ ቴራፒስቶች ሕክምና ሲሰጣቸው፣ ከቲኤፍፒ ያቋረጡት 38.5 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 67.3 በመቶ ነበሩ። አንዱ ጥናት ላይ ሰው አልያዘም የተባለው ሕክምና ሌላው ላይ በደንብ ያዘ። በአንድ ጥናት ብቻ አንዱን አውርዶ ሌላውን መስቀል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ለሁለተኛዋ ወይም ለሦስተኛዋ ቀጠሮ ሳትመጣ የቀረች ሴት «አልፈለገችም» ትባላለች። ቤተሰብም እንዲሁ ይላል። በዚህ ችግር ግን መቅረት ራሱ የችግሩ አንድ አካል ሊሆን ይችላል። ቴራፒስቷ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ስትወጣ ተተውኩ ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ መተው አለ። ጥሩ ክሊኒክ ለዚህ የሚያደርገው ነገር ሊኖረው ይገባል። ጠይቁ።

የክህሎት ክፍሉን ይዞ «ዲቢቲ እየወሰድኩ ነው» ማለት

ሙሉው ዲቢቲ አራት እግር አለው፦ ሳምንታዊ የግል ቀጠሮ፣ ሳምንታዊ የክህሎት ቡድን፣ በመሃል የስልክ ምክር፣ ቴራፒስቶቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ስብሰባ። አሁን አሁን «ዲቢቲ» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ነገር ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዟል። ከዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ አይቶ መለማመድም ዲቢቲ የሚባልበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ግን ቀጥ ያለ መልስ የለም። ሊንሃን ራሳቸው በ2015 ባወጡት ጥናት ሕክምናቸውን በታትነው ፈተሹት። 99 ሴቶች ሦስት ቦታ ተመደቡ፦ ሙሉው ዲቢቲ፣ የክህሎት ቡድን ከጉዳይ ክትትል ጋር፣ የግል ቀጠሮ ያለ ክህሎት ሥልጠና። ራስን ለማጥፋት መሞከር በሦስቱም ቀነሰ። ራስን መጉዳት ግን ክህሎት ባለባቸው ሁለቱ የበለጠ ቀነሰ። ማለትም ክህሎቱ ጌጥ አይደለም፤ ዋና ነገር ነው። ያም ሆኖ የክህሎት ቡድን ብቻ የተሰጣቸው ሴቶችም ዝም ብለው አልተተዉም፤ አደጋውን የሚከታተል ሠራተኛ ነበራቸው።

ቡድንን በተመለከተ ስኪማም የራሱ ታሪክ አለው። በ2022 በወጣ፣ በአምስት አገሮች 495 ሰዎች በገቡበት ጥናት የቡድንና የግል ቀጠሮ ሲቀላቀል ከሁሉም የተሻለ ውጤት ተገኘ። በአብዛኛው በቡድን የተሰጠው ያን ያህል አልሆነም። ክሊኒኩ «ቡድን ብቻ ነው ያለን» ካለ ሩጡ እያልኩ አይደለም። በጎን የሚከታተላችሁ አንድ ሰው እንዲኖር ግን ጠይቁ።

ጥናቱን የሠራው ማን እንደሆነ አለማየት

ዲቢቲን የፈጠሩት ሊንሃን ናቸው፤ ዲቢቲን የፈተሹትም ሊንሃን ናቸው። ኤምቢቲም እንደዚያው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። አንድ ሕክምና ሲወለድ ሌላ ማን ይፈትሸዋል? ግን ፈጣሪው ቤት የሚሰጠው ሥልጠናና ጉጉት ሌላ ቦታ አይገኝም። በ2017 ዮአና ክርስቴአ እና ባልደረቦቿ 33 ጥናቶችን፣ 2256 ሰዎችን አንድ ላይ ሲያዩ የንግግር ሕክምና ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው፤ ደካማ ጥናቶችና ጥሩ ውጤት ብቻ የማሳተም ልማድ አጋነውታል አሉ። በ2020 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ደግሞ 75 ጥናቶችን፣ 4507 ሰዎችን ሰብስቦ በብዛት የተጠኑት ዲቢቲ እና ኤምቢቲ መሆናቸውን አሳይቷል። በብዛት መጠናት እና መብለጥ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

እግረ መንገዴን፣ ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ሴቶች ላይ ያተኮሩ ናቸው። እኔም እዚህ «እሷ» እያልኩ የመጣሁት ለዚህ ነው። ወንዶች ችግሩ የለባቸውም ማለት አይደለም።

«በፊት» እና «በኋላ» ብቻ ማየት

«ከአንድ ዓመት በፊት እንዲህ ነበርኩ፤ ዛሬ እንዲህ ሆንኩ» የሚል ምስክርነት ልብ ይነካል። ግን ቦርደርላይን በጊዜ ውስጥ ራሱ ይለዝባል። ሜሪ ዛናሪኒ ከ1992 ጀምረው ማሳቹሴትስ በሚገኘው ማክሌን ሆስፒታል 290 ሰዎችን ተከታትለዋል። በ10 ዓመት ውስጥ 93 በመቶው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ምልክቶቻቸው ቀንሰው የቦርደርላይንን መስፈርት የማያሟሉበት ጊዜ አግኝተዋል። «አይድንም» ለሚለው ወሬ ይሄ ቁጥር በቂ መልስ ነው። ማኅበራዊ ሕይወትንና ሥራን ጨምሮ በደንብ ያገገሙት ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሕክምና የሚመጣው ከሁሉ በከፋበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ቢሰጠው ትንሽ ይሻለዋል። ስለዚህ ማዶ የሚነጻጸር ሰው የሌለበት ውጤት፣ የክሊኒክ ማስታወቂያም ይሁን የጓደኛ ምክር፣ ብዙ አያስኬድም።

በረዘመ ቁጥር ይሻላል ብሎ ማሰብ

በ2022 ካናዳ ውስጥ 240 ሰዎች የ6 ወር ወይም የ12 ወር ዲቢቲ ተሰጥቷቸው ነበር። ራስን መጉዳትን በመቀነስ ረገድ የስድስት ወሩ ከዓመቱ አላነሰም። ወረፋ ለሚያስጠብቅ ክሊኒክ ይህ ትልቅ ዜና ነው። በሌላ በኩል የእንግሊዙ የናይስ (የጤና መመሪያ የሚያወጣ ብሔራዊ ተቋም) መመሪያ ከሦስት ወር ያነሰ አጭር የንግግር ሕክምና ለዚህ ችግር ተብሎ እንዳይሰጥ ይላል። «በስድስት ቀጠሮ ጨርሰን እንለቅሻለን» ከተባላችሁ ጥያቄ አንሱ።

ክኒንን እዚህ ውድድር ውስጥ ማስገባት

አጭር ነው። የናይስ መመሪያ መድኃኒት ለቦርደርላይን ለራሱ ተብሎ እንዳይሰጥ ይመክራል። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ላሞትሪጂን በ2018 እንግሊዝ ውስጥ በ276 ሰዎች ላይ ተፈትሾ ከማስመሰያ ክኒን አልበለጠም። አብሮ ድብርት ወይም ሌላ ሕመም ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የጀመራችሁትን መድኃኒት ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ።

የማይገኘውን እየጠበቁ የሚገኘውን መተው

ሙሉ የዲቢቲ ቡድን ሀብታም አገርም ቢሆን በየመንደሩ የለም። የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር እጅግ ጥቂት በሆነባት ኢትዮጵያ ደግሞ ጉዳዩን አስቡት። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ በፊት ወይም ጎን ለጎን ጸበል አለ። በዚህ ላይ «ዲቢቲ ካላገኘሁ ምንም አልጀምርም» ማለት ኪሳራ ነው።

የቶሮንቶው ጥናት እዚህ ጋ ነው ዋጋው የሚታየው። ስለ ችግሩ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ፣ በየሳምንቱ የማይዛነፍ ቀጠሮ፣ አደጋ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ የሰፈረ ዕቅድ፣ ባለሙያው ሲከብደው የሚያማክረው ሌላ ሰው። እነዚህ አራቱ የተሟሉበት ክትትል ስም ባይኖረውም፣ ስም ይዞ ግማሹ ከጎደለው ይሻላል ባይ ነኝ። ጸበል የምትሄድ ከሆነም ቀጠሮዋን ሳታቋርጥ ትሂድ፤ ለቴራፒስቷም ትንገራት።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብሎ ትቀመጣለች፤ ሲከፋት ግን የሚመጣላት አማርኛ ነው። ወይም እናትየው የቤተሰብ ቀጠሮ ላይ ትጠራና ታናሽ ወንድምዋ ያስተረጉማል። «ራሴን ላጠፋ አስቤ ነበር» የሚለውን ቃል የ14 ዓመት ወንድም ለእናቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለሁሉም ቀጠሮ ያው አስተርጓሚ እንዲመጣ መጠየቅም ነውር የለውም። ኮሚኒቲያችሁ ጠባብ ከሆነና አስተርጓሚው ሰው ያውቀናል ብላችሁ ከፈራችሁ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ ይሁንልን በሉ።